የማጀት ቃላት

«ባለሙያ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ቤት አለው። በመሥሪያ ቤት ሲነገር በትምህርት የተካነ፣ በደረጃ የተመደበ፣ ደመወዝ የሚቆረጥለት ሰው ማለት ነው። በማጀት ሲነገር ግን ወጧ የማይቀጥን፣ የእንጀራዋ ዓይን ያማረ፣ ጠላዋ የተመሰገነ ሴት ማለት ነው። የዚህኛዋ ደመወዝ ምስጋና ነው፤ እርሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይከፈልም። ከሙገሳው ይልቅ ግን ስድቡ ይበልጥ ያመራምራል። ሴትን «ሙያ የላትም» ማለት ሴትነቷን መካድ ሲሆን፣ ሽንኩርት ሲከትፍ የተገኘ ወንድ «ሴታሴት» ተብሎ የሚሰደበው ሙያ ስለ ጎደለው ሳይሆን ሙያ ስለ ተገኘበት ነው።

ይህ ልዩነት ስለ ነውረኛ ቃላት በሚደረገው ክርክር ውስጥ እምብዛም ቦታ አላገኘም። ተከራካሪዎቹ በሁለት ወገን ይሰለፋሉ። አንደኛው ወገን «ሴት በማጀት ወንድ በችሎት»፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚሉት ምሳሌያዊ አነጋገሮች ከመማሪያ መጻሕፍትና ከመድረክ ይፋቁ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ የአባቶች ቅርስ ናቸውና አይነኩ ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም የሚያተኩሩት በቃሉ ላይ ነው። ቃሉ የሚጠብቀውን ሥራ፣ ማለትም ውኃውን፣ ማገዶውን፣ ምጣዱንና የሕፃኑን ሽንት ጨርቅ የሚመለከት ግን ከሁለቱም ወገን ብዙ አይገኝም።

ቃልን መለወጥ ብቻውን የት እንደሚያደርስ «ገረድ» የሚለው ስም አስተምሯል። ስሙ ነውር መሆኑ ታውቆ በ«ሠራተኛ» ተተካ። «ሠራተኛ» ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየአደባባዩ መፈክር ላይ የተጻፈ የክብር ስም ነበር፤ ወደ ጓዳ ሲገባ ግን ክብሩን ደጃፍ ላይ ጥሎ ገባ። ሥራው ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ መኝታው ያው ሆኖ ስለ ቀረ፣ ውሎ አድሮ «ሠራተኛ ትመስላለች» ማለት ራሱ ስድብ ሆነ። ወደ ቤይሩትና ወደ ጅዳ ተሰድደው በሰው ቤት ያገለገሉ እኅቶችም «ከዳማ» የሚለውን የዐረብኛ ቃል ይዘው ተመልሰዋል፤ እርሱም እንደዚያው ለመዝለፊያ ለመዋል ጊዜ አልፈጀበትም። አዲስ ስም በአሮጌ ኑሮ ላይ ሲለጠፍ የኑሮውን ጠረን ለመያዝ ብዙ ዓመት አይፈልግም።

በሌላ በኩል ደግሞ አንድም የስድብ ቃል ሳይኖርበት ማጀቱን የሚያጥር ጽሑፍ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ካደረገ በኋላ፣ ባል አገልጋይ ሊያቆምላት ያልቻለ እንደ ሆነ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያስገድድ ነበር። ቋንቋው ጨዋ ነው፤ ማንንም አያንቋሽሽም። ነገር ግን የጎረቤት ስድብ በጩኸት የሚያስጠብቀውን ሥርዐት በጸጥታ ያስጠብቅ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲታወጅ በጋብቻ ውስጥ የባልና የሚስትን እኩልነት አጸና። ሕጉ የባልን አለቅነት ሲያነሣ ግን «ሴታሴት» የሚለው ስድብ አብሮ አልተሻረም፤ ዛሬም ቢሆን የማጀቱ ዘበኛ እርሱ ነው።

ወንድ ምጣድ መንካት አይሆንለትም የሚለው እምነት ከተፈጥሮ እንዳልመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ሴት በማትገባበት በደብረ ዳሞ ገዳም የዕለት ምግብ የሚሰናዳው በወንድ እጅ ነው፤ ይህን የሚሠራ መነኩሴም አገልጋይ እንጂ «ሴታሴት» አይባልም። በሆቴል ቤት ነጭ ቆብ ደፍቶ የሚቀቅለው ሰው «ሼፍ» ይባላል። ወፍጮም እንዲሁ ነው። ድንጋይ በነበረበት ዘመን ከወፍጮው ላይ አጎንብሳ የምታድረው ሴት ነበረች። ሞተር በተተከለለት ጊዜ ግን ባለ ወፍጮውም አስፈጪውም ብዙውን ጊዜ ወንድ ሆነ፤ ሴቲቱም እህሉን ተሸክማ ወረፋ ጠባቂ ሆና ቀረች። እንግዲህ ነውሩ ያለው በዱቄቱ ውስጥ አይደለም። ያው ሥራ ማዕርግ፣ ደመወዝ ወይም ሞተር ሲያገኝ ለወንድ የተፈቀደ ይሆናል።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ከዚህ አጥር ጋር የተገናኘው ገና ሲወለድ ነው። በ1900 ዓ.ም. በሮማ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ፣ ዛሬ ብዙ ሰው ጦቢያ ብሎ የሚጠራው፣ ባለ ታሪኳን ልጃገረድ የወንድ ልብስ አልብሶ ወደ መንገድ ያወጣታል። መንገድ ለመውጣት የወንድ ልብስ ያስፈለጋት መሆኑ ስለ ዘመኑ ብዙ ይናገራል፤ አንባቢም በድፍረቷ ይደነቃል እንጂ አይሥቅባትም። የተገላቢጦሹ ጉዞ፣ ከአደባባይ ወደ ማጀት የሚደረገው፣ እንዲህ ያለ ክብር አላገኘም። ወንድ ወደ ጓዳ ሲዘልቅ በአመዛኙ የሚጠብቀው የቀልድ ጽሑፍ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በፍቅር እስከ መቃብር፣ በ1958 ዓ.ም.፣ ሰብለ ወንጌልን ከመጽሐፍ ፊት አስቀምጠው በዛብህን መምህሯ ሲያደርጉ የባላባት ሴት ልጅ ምን መማር ይገባታል የሚለውን ጥያቄ አንሥተዋል። ያ ሁሉ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ግብር በማን ክንድ ይሰናዳ እንደ ነበረ ግን ከአንባቢ ትዝታ ውስጥ ፈጥኖ የሚወጣ ነገር ነው።

ቋንቋው ራሱም በዚህ ነገር ምስክር ነው። ብርቱ ሴት «ወንድ ናት» ስትባል ምስጋና ነው። ወላጅ ሴት ልጁን «አንተ» ቢላት ፍቅር ነው። በጠብ መካከል ጎልማሳውን «አንቺ» ማለት ግን ዱላ ያስነሣል። ጾታ የሚለየው በ«አንተ»ና በ«አንቺ» ነው፤ «እርስዎ» ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ይጠፋል። «ጋግሪ» የምትባለው ሴት ናት፤ «ይጋግሩ» ከተባለ ግን ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። ይህን የሰዋስው ጸጋ በባልና ሚስት ጨዋታ ላይ የተጠቀመበት የተውኔት ጸሐፊ ቢገኝ መልካም ነበር።

ለመድረክ እንግዲህ ስድቡን ሰርዞ ማለፍ አይበጅም። የተሰረዘ ስድብ ከመድረኩ ይወርዳል እንጂ ከሰፈር አይወጣም፤ ተመልካችም የሚያውቀውን ጎረቤት በመድረኩ ላይ ያጣዋል። መጠየቅ ያለበት ሣቁ በማን ላይ ነው የሚለው ነው። በቀልድ ድራማዎች ሽርጥ ያሠረው ባል ዘወትር ወጡን ያሳርራል፣ ሊጡን ይደፋል፣ በጢስ እያነባ ይወጣል። ስለዚህ ጎረቤቶቹ ሲሰድቡት ተመልካች ከጎረቤቶቹ ጋር ይሥቃል፤ ተውኔቱም ሳያስበው ለስድቡ መስክሮለት ይሄዳል። እንጀራው ዓይን በዓይን ሆኖ ከምጣዱ የወጣለትን፣ ወጡም የጣፈጠለትን፣ በዚያው ሰዓት ደግሞ ከአጥር ማዶ «ሴታሴት» የሚባለውን ባል በመድረክ ላይ ማቆም ከዚህ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ተመልካች ሣቁን ወዴት እንደሚያዞር ራሱ መምረጥ ይኖርበታል።