የልጃገረዶች የቅርጫት ኳስ ትዝታ እንዴት ይጻፍ?

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትዝታ በአማርኛ ሲጻፍ መልኩ አንድ ዓይነት ሆኖ ቈይቷል። መምህሩ ይወደሳል፤ የደወሉ ድምፅ ይነሣል፤ ከዚያም ስለ ስፖርት ጥቂት መሥመር ይጨመርና የወንዶቹ የእግር ኳስ ቡድን ያገኘው ዋንጫ ይቈጠራል። ልጃገረዶቹም የቅርጫት ኳስ ይጫወቱ እንደ ነበረ የምንረዳው ብዙ ጊዜ ከአንድ ፎቶግራፍ ግርጌ ነው።

የቀድሞ ተጫዋቾች ራሳቸው ሲያወጉም አብዛኛውን ጊዜ የሚከተሉት የጋዜጣን ዘገባ ነው፤ ማን ከማን ተጋጠመ፣ በስንት ነጥብ ተለያየ። አለዚያም የሯጮቻችንን ታሪክ ሥርዓት ይዋሳሉ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ. ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ካሸነፈች ወዲህ ስለ ሴት ስፖርተኛ የሚጻፈው በብዛት ከችግር ተነሥቶ በወርቅ ሜዳልያ የሚያበቃ የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ይህ ለሯጭ ይስማማል። አምስት ሆነው ለሚጫወቱ ግን የሰው ልብስ ነው።

የጨዋታው ጠባይ ራሱ ይህን ያስረዳል። ጄምስ ኔይስሚዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1891 በአሜሪካ ጨዋታውን ሲፈጥር የሰቀለው የኮክ ፍሬ መያዣ ቅርጫት ነበረ። (ዕቃው ወደ መረብ ከተለወጠ በኋላ አማርኛችን የጥንቱን ስም ጠብቆ መኖሩ ደስ ያሰኘናል።) በተከታዩ ዓመት ሴንዳ ቤረንሰን በስሚዝ ኮሌጅ ጨዋታውን ለሴቶች ስታስተምር ሜዳውን በሦስት ከፈለችው፤ ተጫዋቿ ከክፍሏ እንዳትወጣ፣ ኳሱን ከሦስት ሰከንድ በላይ እንዳትይዝ፣ ከሦስት ጊዜም በላይ እንዳታነጥር ከለከለች። ክልከላው ለጨዋነት ታስቦ ነው፤ ውጤቱ ግን ኳሱ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞርበት ጨዋታ ሆነ።

በእኛ አገር ይህንኑ ሕግ ያወጣው አፈሩ ነው። በወልድያና በአላማጣ መካከል በሚገኘው በራያ ቆላ፣ በቆቦ፣ ጠጠር ባለበት የአፈር ሜዳ ላይ የተነጠረ ኳስ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅምና ከማንጠር ማቀበል ይሻላል። ፀሐይዋ ሳትበርድ ልምምድ የለም። ውሃ ቀድታ ያልተመለሰች ልጅ ካለች አራቱ ቆመው ይጠብቋታል። እነዚህ አራት ጠባቂዎች ከማናቸውም ዋንጫ ይልቅ ብዙ ይነግሩን ነበር፤ በትዝታ ጽሑፍ ውስጥ ግን አናገኛቸውም።

የሚያስገርመን ደግሞ፣ የቆቦ ልጃገረድ ስለ ራሷ «እኛ» ብላ መናገርን ለመማር ትምህርት ቤት የማያስፈልጋት መሆኑ ነው። ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ የሚለውን በዓል ቆቦ ሶለል ይለዋል። ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ ልጃገረዶች በቡድን ሆነው ከበሮ እየመቱ ይዘፍናሉ፤ አንዲቱ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በሜዳም አንዲቱ ታቀብላለች፣ ሌላይቱ ትቀበላለች። ቃሉ አንድ ነው። የቡድን ትዝታም በዚህ ሥርዓት ቢጻፍ፣ አንዲቱ ያወጣችውን ሌላይቱ ብትቀበል፣ ብታርም፣ ብትክድም፣ የበለጠ እውነት ይገኝበት ነበር።

ሆኖም ንጽጽሩ አንድ መራራ ነገር ያወጣል። ለሶለል የልጇን ጠጕር ሠርታ የምትልክ እናት፣ ልጅቱ በቁምጣ ወደ ሜዳ ስትወጣ ትከለክላታለች። በአደባባይ መዝለሉ በሁለቱም አለ፤ አንዱ የተፈቀደበትን፣ ሌላው የተነቀፈበትን ምክንያት የማይጠይቅ የትዝታ ጽሑፍ ከፎቶግራፉ ግርጌ ብዙ አልራቀም። ቀሚሱን ከቁምጣው በላይ ደርባ ከቤት የወጣች ልጅ ይህን ለመጻፍ ልታፍር አይገባም ነበር።

ቆቦን ለምሳሌ የመረጥነው ጊዜው ስላጠረ ነው። በሐምሌ 2013 ዓ. ም. ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ፤ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ. ም. በዚያው አካባቢ እንደ ገና ሲነሣ የሶለል ሰሞን ነበረ። በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጐድተዋል። ትምህርት ቤት ሲጐዳ መዝገቡም ፎቶግራፉም አብሮ ይሄዳል፤ የሚቀረው ቃል ብቻ ነው። የአንድ ቡድን አምስቱ ልጆች ደግሞ በአንድ ቦታ አይቀመጡም፤ አንዲቱ በቆቦ ብትቀር ሌላይቱ በአዲስ አበባ፣ ሌላይቱ በዐረብ አገር ትገኛለች። እናቶቻቸውንና አክስቶቻቸውን ጠይቀው ይህን ቃል በደብተር ሊያሰፍሩ የሚችሉት በዚያው የሚማሩት ልጃገረዶች ናቸው፤ የአማርኛ መምህሮቻቸው ለድርሰት ሰዓት ከዚህ የቀረበ ርእስ አያጡም እንጂ አያገኙም።