የላሙ ከሰልና የሶዶ መስመር

በኬንያ ጠረፍ፣ በላሙ፣ 1,050 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ሊሠራ ታስቦ ነበር። የአገሪቱ የአካባቢ ጉዳይ ዳኝነት ጉባኤ ሰኔ 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ፈቃዱን ሻረው። ይህ ነገር ወላይታ ሶዶን ምን አገባት የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ከከተማይቱ ተነሥቶ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሱስዋ የሚደርሰውን የኤሌክትሪክ መስመር እናመለክተዋለን። መስመሩ 2,000 ሜጋ ዋት የመሸከም ችሎታ ሲኖረው፣ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይላችን ለኬንያ የተሸጠው በዚሁ ነው።

ስለዚህ ከሰሉን የረታው የኛ ውሃ ነው ለማለት ያስመኛል። እኛ ግን አንስማማም። ፈቃዱ ሲሻር በመስመሩ ገና ኃይል አላለፈበትም ነበር። ደግሞም የውሳኔው ዋና ምክንያት ሌላ ነው፤ ይኸውም ጥናቱ ከማለቁ በፊት የተደረጉት ስብሰባዎች የማስተዋወቂያ ያህል ብቻ እንደ ነበሩ፣ ጥናቱ ካለቀ በኋላ ግን ነዋሪዎቹ የሚደርስባቸው ጉዳት በሚገባ ተነግሯቸው አሳባቸውን እንዲሰጡ አለመደረጉ ነው። ስለ አየር ጠባይ ለውጥ የቀረበውም በቂ ሆኖ አልተገኘም። ዳኞቹ ጭሱን ብቻ ተመልክተው ቢፈርዱ ኖሮ ውሳኔው ከከሰል ወዲያ ለማንም ባልጠቀመ ነበር፤ ብርታቱ የሕዝቡን መጠየቅ በማስቀደሙ ነው እንላለን።

ይህ ሚዛን ወደ ራሳችን ሲዞር ይከብዳል። በወላይታና በዳውሮ መካከል ኦሞን የገደበው፣ ቁመቱ 243 ሜትር የሆነው ግልገል ጊቤ 3 ሥራው የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቱ የጸደቀው ግን ከዚያ በኋላ ነው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ፈቃድ ሳይገኝ ሥራ እንዳይጀመር ያዛል። ግድቡ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኃይል እንዳለው አንክድም፤ ጭስም የለውም። ይሁን እንጂ በታችኛው ኦሞ፣ ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በረጠበው መሬት ላይ የሚዘራው ሰው ጥያቄ በሜጋ ዋት አይመለስም። ስለዚሁ ግድብ የቱርካና ሐይቅ ወዳጆች የተባለው ማኅበር ክስ ያቀረበው ለኬንያ ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤቱም በ2006 ዓ.ም. መንግሥቱ ከኢትዮጵያ ስለሚገዛው ኃይል ያለውን መረጃ እንዲገልጥ አዘዘ። ናይሮቢ የሚጠየቀው ጥያቄ ሶዶ ላይ ለምን እንግዳ ይሆናል?

ጓደኞቻችን ለሚቀጥለው ጥናት ርእስ ከፈለጉ ሩቅ መሄድ አያሻቸውም። መስመሩ በማሳቸው ላይ የሚያልፍባቸውን የወላይታ ገበሬዎች ምሰሶው ከመተከሉ በፊት ማን እንዳነጋገራቸው፣ የካሳውንም ወረቀት በወላይታ ቋንቋ ማን እንዳነበበላቸው ይጠይቁልን።