ዝናብ፣ ግስ እና ዲከረንስ፦ በአዊ ምድር ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሂሳዊ ዳሰሳ

ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ የብሪታንያ ቆንስላ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ዛሬ አምስት ስድስት የትምህርት ክፍሎች የሚካፈሉትን ሥራ ብቻውን ይዞት ነበር። የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ የወንዙን አካሄድ በካርታ አስቀመጠ፤ የጣናን ደሴቶችና ገዳማት እየዞረ ያየውን ጻፈ፤ የወፍ ናሙና ሰበሰበ፤ የሰውን ኑሮና የገበያውን ወሬ መዘገበ። ይህን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እናገኘዋለን። መንግሥቱ ዳንግላ ድረስ የላከው ግን ለወፍ ፍቅር ብሎ አልነበረም። ብሪታንያ በሱዳንና በግብፅ ስላላት ጥቅም ስትል የጣናን ውኃ በዓይነ ቁራኛ ትከታተል ነበር። ስለዚህ መጽሐፉን ስናነብ የመረጃው ስፋት ሊያስደንቀን ይገባል፤ ጥያቄው የማን እንደነበረም መዘንጋት የለብንም።

ከቺዝማን በኋላ ያ በአንድ ሰው እጅ የነበረ ሥራ ተከፋፈለ። ውኃውን ሃይድሮሎጂ ወሰደው፤ አፈሩን የአፈር ሳይንስ፣ ዛፉን የደን ጥናት፣ ንግግሩን ሥነ ልሳን፣ ያለፈውን ዘመን ታሪክ። የዘርፎቹን መብዛት እንደ ሀብት መቁጠር የተለመደ ነው፤ ትክክልም ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ለማሳየት የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። የምርምር ዘርፎች የሚለያዩት በሚያጠኑት ነገር ብቻ አይደለም፤ በሚጠይቁት ጊዜና «ይህ ማስረጃ ይበቃል» በሚሉበት ነጥብም ይለያያሉ። ይህ ልዩነት ካልታወቀለት ጥናቱ ቢበረክትም ዕውቀቱ ይጎድላል። ለዚህ ዳንግላ ከምትገኝበት ከአዊ ዞን የተሻለ ምስክር ለማግኘት ይከብዳል፤ ምክንያቱም ዞኑ እንደ ስፋቱ ሲታይ በብዙ ዓይነት ተመራማሪ የተጎበኘ ነው።

ከዳንግላው እንጀምር። በወረዳው በምትገኘው ዳንግሽታ ቀበሌ እ.ኤ.አ. በ2014 የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የውኃ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንድ ሥራ ጀመሩ። የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ በራቀበት አገር የዝናቡን፣ የወንዙንና የጉድጓዱን መረጃ ራሱ ነዋሪው እንዲሰበስብ አደረጉ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ኃላፊነቱን የወሰደው ገበሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወደ ዝናብ መለኪያው ይሄዳል፤ ከትናንት ጀምሮ የተጠራቀመው ውኃ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ አንብቦ በመዝገቡ ያሰፍራል፤ ከዚያ ይደፋዋል። ወንዙ ዳር ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሟል፤ ውኃው የደረሰበትን ቁጥር የሚያነብ ሌላ ሰው አለ። የእጅ ጉድጓዶቹም በየጊዜው ይለካሉ፤ ክረምት ሲገባ ውኃው ወደ ላይ ይመጣል፣ በጋ ሲገፋ ወደ ታች ይወርዳል።

የዚህ ሥራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2016 በጆርናል ኦፍ ሃይድሮሎጂ ሲታተም፣ ገበሬዎቹ የሰበሰቡት መረጃ በጥራት ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ እንደማያንስ፣ አንዳንዴም እንደሚበልጥ በስሌት አሳይቷል። ይህን ግኝት ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። ለረጅም ዘመን በጥናቶቻችን ውስጥ የገበሬው ቦታ መጠይቅ መሙላት ብቻ ነበር፤ እዚህ ግን ለካ፣ መዘገበ፣ ልኬቱም ተፈትኖ አለፈ። ድክመቱን መናገርም ያስፈልጋል። የከርሰ ምድር ውኃ ጥያቄ የአሥርና የሃያ ዓመት ጥያቄ ነው፤ የፕሮጀክት ዕድሜ ግን ከጥቂት ዓመታት አያልፍም። ቁጥሩ ጉድጓዱ ውስጥ ስንት ሜትር ውኃ እንዳለ ይናገራል እንጂ ጉድጓዱ የማን እንደሆነ፣ ጎረቤት ከእሱ የሚቀዳው በምን ስምምነት እንደሆነ፣ በጋ ላይ አትክልት ላልማ የሚል ሰው ማንን እንደሚያስፈቅድ አይነግረንም። እነዚህን ለማወቅ ሜትር ሳይሆን ከሰው ጋር መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ያም ሌላ ሙያ ነው።

ወደ እንጅባራ ስንጠጋ፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ጉደር አካባቢ፣ ሌላ ዓይነት ልኬት እናገኛለን። የጃፓኑ ቶቶሪ ዩኒቨርሲቲና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአፈር መሸርሸርን ለማጥናት ከመረጧቸው ሦስት ቦታዎች ጉደር የደጋው ወኪል ነው፤ አባ ገሪማ የወይና ደጋው፣ ድባጤ የቆላው። ተዳፋት ላይ 30 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ስፋት ያላቸው መሬቶች ዙሪያቸው ታጥሮ ተከለሉ፤ ግርጌያቸው ላይ ጎርፉን የሚቀበል ጉድጓድ ተቆፈረ። ዝናብ ዘንቦ ባደረ ቁጥር በጉድጓዱ የተጠራቀመው ውኃ ጥልቀቱ ይለካል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ናሙና ተቀድቶ በውስጡ ያለው ደለል ይመዘናል። እርከን ያለውና የሌለው፣ የታረሰውና ሣር የለበሰው ጎን ለጎን ይነጻጸራሉ። ሁለት ወይም ሦስት ክረምት በዚህ ሁኔታ ከተለካ ጥሩ ጽሑፍ ይወጣል። የአፈር ተመራማሪው ሰዓት የሚቆጠረው በክረምት ነው።

የዲከረንስ ሰዓት ግን ከዚያ ይረዝማል። ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ በአዊ ደጋ ያመጣውን ለውጥ ከአዲስ ቅዳም እንጅባራ በመኪና ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር አንድ ላይ ያበቅላል፤ ከዚያ ዛፉ ሲያድግ ከሥሩ የሚበቅለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቆርጦ እዚያው ከሰል ያከስለዋል፤ መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። ናይትሮጅን ወደ አፈሩ የሚመልስ ዛፍ በመሆኑ በአሲድ የተጎዳውና እህል እምቢ ያለው መሬት እንደገና ያበቅላል። ያለ መንግሥት ዘመቻና ያለ ትእዛዝ፣ ገበሬው አይቶ ከገበሬ የተማረው ነው። የከሰሉ ገበያ ደላላውን፣ ጫኙን፣ ጆንያ ሻጩን ሁሉ አቅፏል።

ምርምሩ በዚህ ተደስቶ ነበር፤ የሚያስደስትም ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 የወጡ ጥናቶች የገበሬው ገቢ ማደጉን፣ የተጎዳ መሬት ማገገሙን፣ በሳተላይት ምስል ሲታይ ደኑ መስፋቱን አሳዩ። እያንዳንዱ ጥናት በራሱ ዘርፍ ሚዛን ትክክል ነበር። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፦ መልክዓ ምድሩን ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ሲይዘው፣ ዛፉን የሚያጠቃ በሽታ ቢመጣ ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ አዲስ አልነበረም። ዩሮሚክላዲየም አካሺዬ የተባለው የዝገት ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ2013 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የዲከረንስን የቅርብ ዘመድ ብላክ ዋትልን ሲያጠቃ ተገኝቶ፣ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪዎች ጽፈውበታል። እኛ አገር ግን የገቢውን ጽሑፍ የሚጽፈው ኢኮኖሚስትና የደን ካርታ የሚሠራው ባለሙያ የፈንገስ ጆርናል አያነቡም፤ የፈንገስ ባለሙያውም ስለ ከሰል ገበያ የሚጽፍበት ምክንያት የለውም። በ2010ዎቹ ዓ.ም. በሽታው አዊ ሲደርስ ቅጠሉና ቅርንጫፉ በቡናማ ብናኝ ተሸፈነ፤ ለጋ ችግኝ በብዛት ደረቀ። ያን ጊዜ ነው የበሽታ ጥናት የመጣው።

ማንንም ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። አንድ ዘርፍ የራሱን ጥያቄ በትክክል መመለሱ ሌላው ዘርፍ መጠየቅ የነበረበትን አይተካም። ብዝኃነት የሚጠቅመው ዘርፎቹ ከተነባበቡ ብቻ ነው፤ ጎን ለጎን መታተማቸው አይበቃም።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ። አገውኛን በሚመለከት የጊዜው ልኬት ፈጽሞ ይለወጣል። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ መኃልየ መኃልይን በአገሩ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች አስተርጉሞ ወሰደ፤ ከእነዚህ መካከል የዳሞት አገውኛና ጋፋትኛ ይገኙበታል። ብራናዎቹ ወደ ብሪታንያ ተጓዙ። ጋፋትኛ በዚያ መካከል እየሞተ ነበር። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 የመጨረሻዎቹን ጥቂት ተናጋሪዎች ፈልገው አግኝተው፣ ከእነሱ የሰሙትን ከብሩስ ብራና ጋር አስተያይተው በ1956 የቋንቋውን ሰዋስው ባያሳትሙ ኖሮ ዛሬ ስለ ጋፋትኛ የምናውቀው ከቁንጽል አያልፍም ነበር። በመረጃ መሰብሰቡና በመተንተኑ መካከል ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ ማለት ነው። በዘመናችን ይህን ያህል ጊዜ የሚታገሥ የምርምር በጀት አላውቅም።

አገውኛ በሕይወት ያለ ቋንቋ በመሆኑ ዕድለኛ ነው፤ በዞኑ ትምህርት ቤቶችም ልጆች ይማሩበታል። ጥናቱ ግን በዝግታ የተጠራቀመ ነው። ሮበርት ሄትስሮን የግሱን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1969፣ የስሙን ሥርዓት በ1978 አሳተሙ፤ ዴቪድ አፕልያርድ የአገው ቋንቋዎችን ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት በ2006 አወጡ፤ አንድሪያስ ዮስቪግ የድምፅ ሥርዓቱን በ2010 አቀረቡ። በግስና በስም መካከል ብቻ ዘጠኝ ዓመት አለ። የአገውኛን ግስ ለማያውቅ ሰው ይህ ጊዜ የበዛ ሊመስል ይችላል። ግሱ ግን ሰውን፣ ጊዜን፣ አሉታን፣ የጥገኛ ዐረፍተ ነገር ዓይነትን ሁሉ ጭራው ላይ አዝሎ የሚመጣ ነው፤ ድምፁ ከፍና ዝቅ ማለቱም ፍቺን ይለውጣል። እያንዳንዱ ቅርጽ ከተናጋሪ አፍ ተሰምቶ፣ ተደግሞ፣ በሌላ ተናጋሪ ተመርምሮ ነው የሚጻፈው። ይህን በሁለት ክረምት ልጨርስ የሚል ሰው ትክክለኛ ሰዋስው አይጽፍም።

ይህ ዘገምተኛ ዕውቀት ለታሪክ የሚሰጠውን ነገር ማየት ያስደስታል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1988 በጆርናል ኦፍ አፍሪካን ሂስትሪ ላይ ስለ አገው ሕዝብ መዋሐድ ባሳተሙት ጽሑፍ የሰነዱን ማስረጃ ከአገር ሽማግሌዎች ትውፊት ጋር አዋሕደዋል። ትውፊቱ ሰባቱ ቤት አገው፣ ማለትም አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ መተከል፣ ቋቁራ፣ ጫራና ዚገም፣ ከላስታና ዋግ ከመጡ ወንድማማቾች እንደወረዱ ይተርካል። ሥነ ልሳኑ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል። የዋጉ ኽምጣና ከኤርትራው ብሊንና ከቅማንትኛ ጋር በሰሜኑ ክፍል ሲመደብ የአዊው አገውኛ ብቻውን ደቡባዊውን ቅርንጫፍ ይይዛል። ኽምጣና ለብሊን ከአዊው አገውኛ ይልቅ ይቀርባል። እንዲህ ያለ ርቀት የሚፈጠረው ከአባት ወደ ልጅ በሚቆጠር ጥቂት ትውልድ አይደለም፤ በጣም ረጅም መለያየት ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ቸኩሎ ትውፊቱን ተረት ማለት ስሕተት ነው። ትውፊቱ የሚያስታውሰው የሕዝቡን ሁሉ አመጣጥ ሳይሆን በኋላ የደረሱ የመሪ ቤተሰቦችን ጉዞ፣ ወይም የሰባቱን ቤቶች የመሬትና የዳኝነት ስምምነት ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያሳምነኝ ሁለተኛው ነው፤ ወንድማማችነት በትውፊት ውስጥ ብዙ ጊዜ የውል ቋንቋ ነውና። ክርክሩ ግን ክፍት ነው። ታሪክ ጸሐፊው የቋንቋውን ርቀት ካላየ የትውፊቱን ዕድሜ ይሳሳታል፤ የቋንቋ ሊቁም ትውፊቱን ካልሰማ ሁለት ቋንቋ የተለያየበትን መንገድ በባዶ ካርታ ላይ ይስላል። ሰባቱ ቤቶች ዛሬም ያልሞተ ነገር ናቸው፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሲሰበሰብ ስሙን ይዞት ይወጣል። የዓድዋን ዘማች ፈረሶች መታሰቢያ ስለሚያከብር፣ ለማኅበራዊ ትውስታ አጥኚ ይህ ማኅበር ከማንኛውም መዝገብ ቤት የማይተናነስ ምንጭ ነው።

በዚህ ምድር መካከል በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ቆሟል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመምህር ደረጃ እድገት በአመዛኙ የሚወሰነው በታወቁ ጆርናሎች በሚታተሙ ጽሑፎች ነው። መለኪያው ለሁሉም አንድ ነው። የጎርፍ ልኬቱን ከሁለት ክረምት በኋላ የሚያትመው ባልደረባ በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት አራት ጽሑፍ ያወጣል፤ የአገውኛን ቃል የሚሰበስበው ባልደረባ በዚያው ጊዜ ገና ደብተሩን እየሞላ ነው። ይህ መለኪያ ሁለቱንም ይጎዳል። አንደኛውን ቶሎ በሚያልቅ ጥያቄ ላይ ያቆየዋል፤ ሁለተኛውን ጨርሶ ከሥራው ያስወጣዋል። መዝገበ ቃላት፣ የቃል ታሪክ ስብስብ፣ ለሃያ ዓመት ሳይቋረጥ የተያዘ የጉድጓድ መዝገብ እንደ ጽሑፍ ተቆጥረው ነጥብ የሚያገኙበት ደንብ ያስፈልጋል። የውጤቱ ቋንቋም ሌላ ጉዳይ ነው፤ የዳንግሽታ ገበሬ የመዘገበው ዝናብ ወደ እሱ ሲመለስ በአማርኛ ወይም በአገውኛ ሊመለስለት ይገባል።

አሁን ከዲከረንሱ መድረቅ በኋላ በፋግታ ለኮማ ማሳ ላይ «ምን ልትከል?» የሚለው ጥያቄ አለ። ድንች ነው? ቀርቀሃ? ባሕር ዛፍ? ወይስ የተቀላቀለ ዛፍ? ጉደር የዓመታት የጎርፍና የደለል መዝገብ አላት፤ የአሲድ መጠን በላቦራቶሪ ይለካል። የሌለው ነገር፣ ገበሬው ራሱ መሬቱን ለይቶ የሚጠራባቸውና ምን እንደሚስማማው የሚፈርድባቸው የአገውኛ የአፈር ስሞች ከላቦራቶሪው ቁጥር ጋር ተያይዘው የተቀመጡበት ሰነድ ነው። አንድ የአፈር ባለሙያ፣ አንድ የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ፣ አንድ የቋንቋ ባለሙያና ማሳውን ከአባታቸው የወረሱ ጥቂት አራሾች ከአንድ ቀበሌ ቢጀምሩት ሊሠራ የሚችል ነው፤ የመጀመሪያው ዙር ከችግኝ አፈላል እስከ አጨዳ ያለውን ጊዜ መሸፈን ይኖርበታል።