በመንገድ ዳር ስለሚጻፍ ታሪክ

የታሪክ ምልክት ማለት ለመንገደኛ የተጻፈ አጭር ድርሰት ነው። ድርሰት ከሆነም እንደ ሌላው ድርሰት ሁሉ ሊመረመርና ሊተች ይገባዋል። ነገር ግን ሰው በመጽሐፍ ያነበበውን ቃል ሲከራከርበት፥ በድንጋይ ላይ የተቀረጸውን አምኖ ያልፋል። ድንጋዩ ስለ ጠነከረ ቃሉም የተሟላ ይመስለዋል።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ይህን ስል ራሴን ከነቀፋው አውጥቼ አይደለም። በማስተምርበት ዘመን ለዓድዋ በዓል በትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚቆም፥ ስለ ወረኢሉ ክተት የሚናገር ሰሌዳ እንድጽፍ ታዘዝሁ። እኔም ጻፍሁ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ እንዳስነገሩ፥ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲገናኛቸው እንዳዘዙ፥ ሠራዊቱም ወደ ሰሜን ዘምቶ የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ድል እንዳደረገ አተትሁ። የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነበረ፤ ፊደሉም ያማረ ነበረ።

አንዲት አሮጊት ከገበያ ሲመለሱ ቆሙና፥ «ልጄ፥ እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብሁላቸው። በጸጥታ ሰምተው ሲያበቁ፥ «ስንቁን ማን ፈጨው ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። «እሱስ አልተጻፈም፥ እናቴ» አልኋቸው። «እንግዲያ ገና አልጨረስኸውም» አሉና ዘንቢላቸውን አንሥተው ሄዱ።

እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ ተቈጣሁ። ፊደል ያልቈጠረ ሰው እኔን ማረሙ አልዋጥልህ አለኝ። ሰሌዳውንም አላረምሁትም፤ ዝናብና ፀሐይ እስኪበላው ድረስ እንዳለ ቆመ። ዛሬ ግን ጥያቄያቸው ከሰሌዳዬ የበለጠ የታሪክ ትምህርት እንደ ነበረበት አውቃለሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከ1880 እስከ 1885 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ አገሩን መትቶት ነበር። የከብት በሽታ በሬውን ስለ ጨረሰው እርሻው ጾሙን አደረ፤ ብዙ ሕዝብም አለቀ። የክተቱ ዐዋጅ የተነገረው ከዚህ መከራ በኋላ ጥቂት ዓመታት ብቻ ቈይቶ ነው። የዚያ ዘመን ዘማች ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣ ነበር እንጂ ዛሬ እንደምናውቀው ሠራዊት ከመንግሥት ግምጃ ቤት ቀለብ አይሰፈርለትም ነበር። ገብሱን ቈልታ በወፍጮ ድንጋይ የምትፈጭለት፥ በሰፈርም እንጀራ የምትጋግርለት ሴት ናት። ስንቁ ሲያልቅ ደግሞ በመንገድ ያለው ገበሬ ጎተራውን ይከፍታል፤ በወዶም ይሁን በግድ። እንግዲህ ስለ ወረኢሉ የሚጻፍ ቃል ንጉሡን ጠርቶ ይህን ገበሬና ይህችን ሴት ከዘለለ ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን ዕዳውን ሳይከፍል ሄዷል።

ከወረኢሉ ተነሥቶ ደሴን አልፎ ጥቂት የሄደ መንገደኛ ቦሩ ሜዳን ያገኛል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ፥ ንጉሥ ምኒልክም ባሉበት፥ ጉባኤ አድርገው በቤተ ክርስቲያን የነበረውን የሃይማኖት ክርክር በተዋሕዶ ፈረዱ። ይህን ብቻ ጽፎ ማቆም ለጸሐፊ ይቀላል። ነገር ግን የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ የታዘዙትም በዚያው ዘመን ነው። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ሌሎች ደግሞ እንደ ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር ያሉት እንቢ ብለው ተነሡ፤ ብዙ ሰውም ተሰደደ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ክርስቲያንና እስላም በአንድ ገበያ በሚውሉበት በወሎ ምድር የሚቆም ምልክት ሁለቱ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ቆመው ሊያነቡት የሚችሉት መሆን አለበት። እኔ ራሴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላደግሁ፥ ሰው በእምነቱ ላይ ግዳጅ ሲመጣበት ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅተኝም።

ሐይቅን አልፎ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ደግሞ ውጫሌ ይገኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ሊረዱ ይችላሉ ይል ነበር፤ የኢጣልያንኛው ቃል ግን ይህን ግዴታ አደረገው። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ ነገሩም በዓድዋ ጦርነት ተቈረጠ። አንዲት ግሥ ስንት ሺህ ሰው እንዳስከተለች ከዚህ መረዳት ይቻላል። የውጫሌ መንገድ ራሱ በመንገድ ዳር ለሚጽፍ ሰው ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። ቀኑን እንኳ ሲጽፍ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን ካልገለጸ፥ 1881ን በፈረንጆቹ 1889 ብሎ የሚያውቀው እንግዳ ይሳሳታል።

ምናልባት፥ «ድንጋይ ጠባብ ነው፤ ሁሉን እንዴት ይይዛል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሁሉን አይይዝም። ነገር ግን የማዕርግ ስም ለመደርደር ሦስት መስመር የተገኘለት ድንጋይ፥ «ስንቁን የሰጠው ከክፉ ቀን የተረፈው ገበሬ ነው» ለማለት አንድ መስመር አያጣም። የጠበበው የጸሐፊው ልብ ነው እንጂ ድንጋዩ አይደለም።

ስለዚህ፥ ልጄ፥ ከደጎሎ ወደ ደሴ ስትጓዝ የተጻፈ ምልክት ባየህ ጊዜ ቆመህ አንብብ፤ ቀጥሎም ማን እንደ ተጠራና ማን እንደ ተዘለለ ጠይቅ። ከዚያም ወደ መንደርህ ተመልሰህ ሽማግሌዎችን ስማቸው፥ የሰማኸውንም በደብተርህ ጻፍ፤ የሰማኸው ከማን እንደ ሆነና መቼ እንደ ሆነ ጨምርበት። ጽፈህ ስታበቃ ማንበብ ለማይችል ሰው አንብብለት። እርሱ «ገና አልጨረስኸውም» ቢልህ እንደ እኔ አትቈጣ፤ ብዕርህን እንደገና አንሣ።