የኢዮብ ወዳጆች በመድረካችን ላይ

በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ደጋግመን የምናየው አንድ ድራማ አለ። ወጣቱ ሥራ ያጣል፤ ዕዳ ይይዘዋል፤ ሞትን ይመኛል። አንድ ወንድም ይገባና «እምነትህ ስለ ጎደለ ነው» ብሎ ይገሥጸዋል። ወጣቱ ተንበርክኮ ይጸልያል፤ ደስ ብሎት ይነሣል፤ ድራማው ያልቃል። ዕዳውስ የት ደረሰ? ደራሲው አይነግረንም።

እስቲ ከመጽሐፈ ኢዮብ ጋር እናስተያየው። የኢዮብ መከራ የሚጀምረው በንብረቱ ነው፤ በሬው፣ አህያው፣ በጉና ግመሉ በአንድ ቀን አለቁ፤ ልጆቹና ጤናው ተከተሉ። በምዕራፍ 3 የተወለደበትን ቀን ረገመ። ወዳጆቹ ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ መናገር ሲጀምሩ ግን ኀጢአቱን ፍለጋ ገቡ። በምዕራፍ 42 እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው። እዚያው ቁጥር 11 ላይ ዘመዶቹ መጥተው አብረውት በሉ፣ አጽናኑት፣ እያንዳንዳቸውም ገንዘብና ወርቅ ሰጡት። ድራማዎቻችን የወዳጆቹን ንግግር ወስደው ይህን ቁጥር ረስተዋል።

ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአውሮፓ ጥናት፣ ሥራ አጥነት ሲጨምር ራስን ማጥፋትም ጨምሯል፤ መንግሥታት ሥራ ፈላጊውን በደንብ በደገፉበት ግን ይህ ጉዳት ቀንሷል። በኢንዶኔዥያም ለድሃ ቤተሰቦች የተሰጠ ገንዘብ ራስን ማጥፋትን በ18 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ምክንያቱ ድህነት ብቻ አይደለም፤ ኀፍረትና ብቸኝነት ሲጨመሩበት ግን ሸክሙ ይከብዳል።

ነገሩ ለእኛ ለሁምቦዎች ሩቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን የመምህራንና የሌሎች ሠራተኞች ደመወዝ ሲዘገይ አይተናል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ኑሮው ይበልጥ ከበደ። እንዲህ የተጨነቀን አባት «አታምንም» ማለት ኤልፋዝን መሆን ነው።

እናንተ ድራማ የምትጽፉ ወጣቶች፣ አንድ ትዕይንት ጨምሩ። ወንድም ገብቶ ይቀመጥ፤ ያድምጥ፤ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?» ብሎ በግልጽ ይጠይቅ። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። ብቻውን አይተወው፤ ጤና ጣቢያ አብሮት ይሂድ። የቤት ኅብረቱ ይጸልይለት፤ ስለ ዕዳውም ይመካከር። ከተመልካቾች መካከል ይህን ሸክም ይዞ የተቀመጠ ሊኖር ይችላል። ድራማው ሲያልቅ ወደ እኛ መምጣት እንዳያፍር አድርጋችሁ ጻፉ።