ምናኔና ፒያኖ
ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሸክላዎች

ሰው ብቻውን የሚሆንበትን ኑሮ አማርኛችን በአንድ ስም ብቻ አይጠራውም። ወዳጅና ዘመድ ርቆት የሚኖር ሰው ብቸኛ ይባላል፤ ገዥ በኃይል ከአገሩ ያራቀው ሰው ግዞተኛ ይባላል፤ ወዶና ፈቅዶ ዓለምን የተወ ሰው ደግሞ መናኝ ይባላል። ሦስቱም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ዳሩ ግን የሚያፈሩት ፍሬ እንደ መነሻቸው የተለያየ ነው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ ድርሰቶች ለመመዘን የሚነሣ ሰው ይህን ልዩነት አስቀድሞ ሊያስተውል ይገባዋል። ሙዚቃቸው የብቸኝነት ሙዚቃ ነው ብሎ በደፈናው መናገር ቀላል ነው፤ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ መለየት ግን ጆሮንም ልቡናንም የሚጠይቅ ሥራ ነው።

እማሆይ በ1923 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአዲስ አበባ ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ቤተ ሰብ ተወለዱ፤ የቀድሞ ስማቸውም የውብዳር ነበር። በ6 ዓመታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው በአዳሪ ትምህርት ቤት የአውሮፓን ሙዚቃ ተማሩ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ፣ በ1937፣ ከቤተ ሰባቸው ጋር ተግዘው መጀመሪያ በአሲናራ ደሴት፣ ኋላም በኔፕልስ አቅራቢያ በምትገኘው በመርኮሊያኖ ተቀመጡ። ከነጻነት በኋላም ወደ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ዘንድ፣ በቀን እስከ 9 ሰዓት ድረስ፣ ቫዮሊንና ፒያኖ ሲያጠኑ ቆዩ። ይህን ሁሉ ድካም የሚፈጽምላቸው ወደ ሎንዶን ሄዶ ከፍ ያለ የሙዚቃ ትምህርት የመቀጠል ዕድል ነበር፤ ነገር ግን የመሄጃው ፈቃድ ተከለከለ። ኀዘኑም እስከ ሕመም አደረሳቸው።

ከዚህ በኋላ እማሆይ ያደረጉት ነገር ለሙዚቃቸው ታሪክ ዋነኛው ነው። በወሎ፣ በአምባሰል ወደምትገኘው ወደ ግሸን ማርያም ወጡ፤ ምንኩስናንም ተቀብለው በዚያ መስቀለኛ አምባ ላይ 10 ዓመት ያህል ኖሩ። ጫማ አልነበራቸውም፤ ፒያኖም አልነበራቸውም፤ የዕለት ሥራቸው ጸሎት ነበር። በካይሮ በቀን 9 ሰዓት ሙሉ የሠሩ ጣቶች 10 ዓመት ሙሉ ዝም አሉ ማለት ነው።

የሙዚቃ መምህር ሁሉ ይህን ሲሰማ መጨነቁ አይቀርም። ጣት እንደ ወታደር ነው፤ ካልሠለጠነ ይረሳል። በእውነትም እማሆይ ከግሸን ወርደው ሲጫወቱ የሚሰማው በአውሮፓ መድረክ ላይ ለመወዳደር የሚዘጋጅ ሰው ጣት አይደለም። ፍጥነትና ጉልበት ለማሳየት አይቸኩሉም። ነገር ግን በጠፋው ፈንታ የገባ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የጊዜ አያያዝ ነው።

በ2006 በፈረንሳይ በታተመው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ 21ኛ ክፍል ውስጥ ከተሰበሰቡት 16 ድርሰቶቻቸው መጀመሪያ የሚገኘውን፣ ርእሱ «ቤት አልባው ተቅበዝባዥ» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለውን፣ እንውሰድ። ግራ እጅ ዝግ ብሎ፣ ሳይሰለች፣ እንደ መንገደኛ እግር ይራመዳል። ቀኝ እጅ ግን ከርሱ ጋር እኩል አይሄድም፤ አንድ ጊዜ ይቀድማል፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል፣ አንዳንድ ጊዜም ቆም ብሎ አንዱን ድምፅ ይጠብቀዋል። በሜትሮኖም የሠለጠነ ተማሪ ይህን ቢሰማ ስሕተት ይለዋል። በቅኔ ማሕሌት የቆመ ሰው ግን ወዲያው ያውቀዋል፤ ዜማ የሚለካው በሰው እስትንፋስ እንጂ በሰዓት መቍጠሪያ አይደለምና።

እዚህ ላይ ስለ መሣሪያው ጥቂት መናገር ይገባል። ፒያኖ መዶሻ ክርን የሚመታበት መሣሪያ ነው፤ ድምፁም ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየሞተ ይሄዳል። መሪጌታ ግን አንዱን ፊደል እስትንፋሱ እስኪያልቅ ድረስ ያስረዝመዋል፤ ያወጣዋል፤ ያወርደዋል። እንግዲህ ዜማን በፒያኖ ለማሰማት የሚሻ ሰው የሚሞተውን ድምፅ እንዴት አድርጎ ሕያው እንደሚያቆየው መላ መፈለግ አለበት። የእማሆይ መላ አንዱን ድምፅ በጎረቤቶቹ ድምፆች እያርገበገቡ መመለስና ማስታመም ነው። ይህ በቀኝ እጃቸው ዘወትር የሚሰማው መርገብገብ ለጌጥ የገባ አይደለም፤ በዜማ ምልክቶቻችን ውስጥ ርክርክ የሚባለውን የሚያስታውስ፣ የድምፅን ዕድሜ የሚያራዝም ጥበብ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጐንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ማጥናታቸውም ይህ አጨዋወት ከየት እንደ መጣ ያስረዳል።

የውጭ አገር ሐያስያን ይህን አጨዋወት ሲሰሙ አንዳንዶቹ ሾፐንን፣ አንዳንዶቹ ኤሪክ ሳቲን፣ ሌሎችም የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝ ያነሣሉ። በ2017 የእንግሊዝ ራዲዮ ቢቢሲ ስለ እርሳቸው ላቀረበው ዝግጅት «ሆንኪ ቶንክ መነኩሲት» የሚል ስም መስጠቱ ይታወሳል፤ ሆንኪ ቶንክ በአሜሪካ የመጠጥ ቤት ፒያኖ አመታት ነው። ዝግጅቱ እማሆይን ለብዙ ሕዝብ ማስተዋወቁ ያስመሰግነዋል፤ ማነጻጸርም በራሱ ነውር አይደለም። ሾፐንን በተመለከተ እንዲያውም እውነት አለበት፤ የአውሮፓን ትምህርት በሚገባ ተምረዋልና። ብሉዝ የሚመስለው ግን ሌላ ነገር ነው። በአምስት ድምፅ የተሠራ ቅኝት ከአውሮፓ የፒያኖ ስምምነት ጋር ሲገናኝ ለውጭ ሰው ጆሮ ብሉዝ ቢመስል አያስደንቅም፤ ለእኛ ግን ትዝታና አምባሰል በቤታችን ያሉ ቅኝቶች ናቸው። ሥራችን የውጭ ሰው የሰጠውን ስም ተቀብሎ መድገም ሊሆን አይገባም። በራሳችን ጆሮ ሰምተን፣ በራሳችን የዜማ ቃላት መዝነን፣ ከዚያ በኋላ ብናነጻጽር ይሻላል።

ጉድለትም የለበትም አይባልም። 16ቱን ድርሰቶች በአንድ ተቀምጦ ለሚሰማ ሰው የግራ እጅ አካሄድ መመሳሰል ይሰማዋል፤ አንዳንዱም ድርሰት በሐሳቡ መፈጸም ምክንያት ሳይሆን በድካም ያቆመ ይመስላል። «የባሕር መዝሙር» የሚባለውና «የእናት ፍቅር» የሚባለው ለየብቻቸው ሲደመጡ የሚሰጡትን ደስታ ተከታትለው ሲመጡ ይቀንሱታል። ስለዚህ እነዚህን ሸክላዎች እንደ ጸሎት መጽሐፍ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ማድመጥ ይበጃል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ይህ ሙዚቃ የግዞት ነውን? ግዞት የሚያስተምረው ቍጣንና ናፍቆትን ነው፤ ናፍቆት በእርግጥ አለ፣ ቍጣ ግን አይሰማም። የብቸኝነት ነውን? ብቸኛ ሰው አድማጭ ይፈልጋል፤ ይህ አጨዋወት ግን አድማጭን አይለማመጥም፤ ማንም ባይኖር እንኳ እንደዚሁ ይቀጥል ነበር። የምናኔ ነው ብንል ወደ እውነቱ እንቀርባለን። ምናኔ ሰውን ከችኮላ ያላቅቀዋል። 10 ዓመት ያለ ፒያኖ የኖረ ሰው ወደ ፒያኖ ሲመለስ እያንዳንዱን ድምፅ የሚነካው እንደ ስጦታ ነው፤ ስጦታም በችኮላ አይገለጥም።

ይሁን እንጂ ብቻ መሆን በራሱ ሙዚቃን ይወልዳል ብሎ ተማሪን ማሳሳት አይገባም። ከግሸን በፊት የስዊስ ትምህርት ቤት ነበረ፤ የካይሮ 9 ሰዓትም ነበረ። ባዶ ዕቃ ቢከድኑት የሚበስል ነገር የለም። ከግሸን በኋላም ሰው ነበረ። በጐንደር የዜማ ትምህርት ሊማሩ መጥተው በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩትን ድሆች ተማሪዎች አይተው እማሆይ አዘኑ፤ የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው ሙዚቃቸውን ሰጡ። በጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢው ለችግረኞች እንዲውል የታሰበ ነበር። «ቤት አልባው ተቅበዝባዥ» የሚለውን ርእስ ስናነብ እነዚያን የቆሎ ተማሪዎች ማሰባችን አይቀርም። ዓለምን ጥለው የወጡት መነኩሲት ወደ ዓለም የመለሳቸው ዝና ሳይሆን የሌላ ሰው ችግር ነው።

እማሆይ ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም ኖረው በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ድርሰቶቻቸውም በ2013 በኖታ መጽሐፍ ታትመዋል፤ ስለዚህ የትኛውም የፒያኖ ተማሪ ሊያጠናቸው ይችላል። ኖታው ግን የድምፁን ከፍታ ይናገራል እንጂ እስትንፋሱን አይናገርም። እነዚህን ድርሰቶች ለተማሪዎቹ የሚያስተምር መምህር አስቀድሞ ወደ ቅኔ ማሕሌት ይዟቸው ቢሄድና ቆመው ዜማ ቢያዳምጡ፣ በፒያኖው አጠገብ ከሚያጠፉት ብዙ ሰዓት የበለጠ ትርፍ ያገኛሉ ብለን እናምናለን።