ሠራተኛው በማን ታሪክ ውስጥ?

ስለ 1966ቱ አብዮት የተጻፉትን መጻሕፍት ጎን ለጎን ስናነብ አንድ ጉድለት ደጋግሞ ያጋጥመናል። የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» ከኢሕአፓ ወገን፣ የአንዳርጋቸው አሰግድ «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ» ከመኢሶን ወገን፣ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» ከደርግ ወገን ይተርካሉ። በብዙ ጉዳይ ይካሰሳሉ፤ በአንድ ጉዳይ ግን ይመሳሰላሉ። ተራኪው የድርጅት ወይም የመንግሥት ሰው ሲሆን፣ ሠራተኛው በአመዛኙ በሌሎች ታሪክ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሆኖ ይቀራል።

የጊዜው ቅደም ተከተል ግን ሌላ ይመሰክራል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የተቋቋመው በ1955 ዓ.ም.፣ ኢሕአፓም መኢሶንም ከመወለዳቸው በፊት ነው። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ቀናት የቆየውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ፣ ደርግ ገና አልተመሠረተም። ጥያቄዎቹም የዝቅተኛ ደመወዝ ወሰንንና የሠራተኛ ሕጉን መሻሻል የመሳሰሉ፣ ከፋብሪካው ወለል የተነሡ ነበሩ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ሕዝባዊ መንግሥት እንዲቋቋም በመጠየቁ መሪዎቹ ታሠሩ።

ኮንፌዴሬሽኑ እንከን አልነበረበትም አንልም። ከአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ጋር በነበረው ግንኙነት ይነቀፍ ነበር፤ ይህን የምንጽፍባት ኮሎምበስም የአሜሪካ የሠራተኛ ፌዴሬሽን በ1886 እ.ኤ.አ. የተመሠረተባት ከተማ ናት። ይሁን እንጂ የማኅበርን ስሕተት የማረም መብት የአባላቱ እንጂ የጦር ሠራዊቱ አልነበረም።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የተነፈገው የአሠሪው መለወጥ ነው። በጥር 1967 ዓ.ም. ከ70 በላይ ኩባንያዎች ሲወረሱ መንግሥት ራሱ አሠሪ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ አድማ በአሠሪ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ መሆኑ ቀርቶ በአብዮቱ ላይ እንደተቃጣ ወንጀል ተቆጠረ። በመስከረም 1968 ዓ.ም. ወረቀት ይበትኑ የነበሩ የአየር መንገድ ሠራተኞች በጥይት ተገደሉ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 64 የበታች ማኅበር ለበላዩ እንዲታዘዝ ደነገገ፤ ኮንፌዴሬሽኑም ፈረሰ። በጥር 1969 ዓ.ም. የተተካው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ዋና ተልእኮው ምርትን ማሳደግና ዲሲፕሊንን ማስከበር ሆነ።

በዚያው በ1969 ዓ.ም. የአዲሱ ማኅበር ሊቀ መንበር ቴዎድሮስ በቀለም፣ የፈረሰው ኮንፌዴሬሽን ሊቀ መንበር ማርቆስ ሐጎስም ሕይወታቸውን አጡ። አንዱ ወገን የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን ሰማዕት ይላል። በሁለቱ ሐዘን መካከል ማን የሠራተኛውን ደመወዝ ይጠይቅ እንደነበር ግን የሚጠይቅ አልተገኘም።

ይህ ነቀፌታ እኛንም ይመለከታል። ከእኛ መካከል ለሠራተኛው ወረቀት የጻፍን፣ በስሙ የማልን፣ ግን ከእርሱ ጋር አንድ ቀን እንኳ ያልሠራን አለን። ዛሬ በስደት በመጋዘንና በመኪና ማቆሚያ የሌሊት ፈረቃ ስንቆም፣ ያን ጊዜ በመፈክር የምናውቀውን ድካም በጉልበታችን ዐውቀነዋል። ስለዚህ የሚቀጥለው ጽሑፍ ሌላ የድርጅት መከላከያ እንዳይሆን እንመኛለን። የወንጂ፣ የአቃቂና የድሬዳዋ ፋብሪካዎች አንጋፋ ሠራተኞች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ቃላቸው ሳይመዘገብ ካለፉ፣ እኛ የምንጽፈው ታሪክ አሁንም ያለ ባለቤቱ የተጻፈ ይሆናል።